ጳጉሜን የማታውቀው መሣሪያ

በድርቁ ዓመት ክረምት ደብረ ብርሃን ተመድቤ እሠራ ነበር። ሥራዬ ዘገባ ነው። ከጣርማ በር እስከ እነዋሪ፣ ከመዘዞ እስከ አንኮበር እየዞርኩ የዕርዳታ እህል የት እንደደረሰ፣ ለስንት ሰው እንደታደለ፣ የትኛው መንገድ በጎርፍ እንደተቆረጠ እመዘግባለሁ። ከዚያ ስልክ ያገኘሁበት ቦታ ቆሜ ለአዲስ አበባ አነባለሁ። ያየሁትን ካላየሁት ለይቶ መጻፍ ልማዴ ስለሆነ፣ እዚህ የማወራው ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ነው። ከሌላ ሰው አፍ ያገኘሁትን ሳነሳ እናገራለሁ።

ከሌላ ሰው የሰማሁት መጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት በጸደይ አንድ ሰው አንኮበር ወዳለው የእህል መጋዘን ደወለ። ደብረ ብርሃን ካለው የዕርዳታ ጽሕፈት ቤት ነኝ አለ፤ የጽሕፈት ቤቱን ሹም አነጋገርና ሳል ሳይቀር አስመስሎ ነበር። አንድ የጭነት መኪና ይመጣል፣ ጫንለት አለ። መኪናው መጣ፤ የዚያን ጊዜው የመጋዘን ኃላፊም ታዞ ጫነ። እህሉ የት እንደገባ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ኃላፊው ታሰረ። ችሎቱን እኔ ራሴ ተከታትዬዋለሁ፤ ሰውየው አንዲት ፍሬ እህል መውሰዱን የሚናገር ምስክር አልቀረበም። ጥፋቱ ድምፅ ማመኑ ነበር።

መሣሪያዋ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። የውጭ ዕርዳታ ይዘው ከገቡት ሰዎች መካከል አንድ ቀይ ጺም ያለው መሐንዲስ ነበር፤ እሱ ለየመጋዘኑ አንዳንድ የእጅ ኮምፒዩተር ይዞ መጣ። ርዝመቷ ከመዳፍ ትንሽ ያልፋል፣ ውፍረቷ የኪስ ዳዊት ያህል ነው። በላይዋ ቁጥርና የፈረንጅ ፊደል የተጻፈባቸው ጥቃቅን ቁልፎች አሏት፤ አንድ መስመር ብቻ የሚያሳይ ግራጫ መስተዋትም አላት። ከተማ የቀመሱት ካልኩሌተር ይሏታል። ካልኩሌተር ግን የጻፍክበትን አስልቶ ይነግርሃል እንጂ ሚስጥር አይጠብቅም። እሷ ትጠብቃለች።

ሥልጠናው የተሰጠው ደብረ ብርሃን አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ለመዘገብ ተገኝቻለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ደብረ ብርሃን ያለው ሹም እህል ሊያስወጣ ሲፈልግ በራሱ መሣሪያ ላይ የዕለቱን ቀንና ወር፣ የኩንታሉን ብዛት ይጽፋል፤ መሣሪያዋ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ትሰጠዋለች። ደውሎ ኩንታሉንና ያን ቁጥር ይናገራል። የመጋዘን ኃላፊውም በበኩሉ የግል መክፈቻ ቁጥሩን አስገብቶ ያንኑ ቀንና ያንኑ ኩንታል ይጽፋል። ሁለቱ መሣሪያዎች ያወጡት ቁጥር አንድ ከሆነ በሩ ይከፈታል፤ ካልሆነ አይከፈትም። ቁጥሩ በየቀኑ ስለሚለወጥ የትናንቱን የሰማ ሰው ዛሬ ሊጠቀምበት አይችልም።

ሁለቱን የሚያስማማቸው በሆዳቸው ያለው ረጅም ሚስጥራዊ ቁጥር ነው። ያን ቁጥር መሐንዲሱ አልመረጠውም። በወረቀት ቁራጭ ላይ ቁጥር ጽፎ ቆብ ውስጥ ጨመረና ሹሙና የመጋዘን ኃላፊው በየተራ ዕጣ አወጡ፤ የወጣውን በሁለቱም መሣሪያዎች ላይ ጻፉ፤ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ አቃጠሉት። ዕጣው ሲወጣ እኔን ከአዳራሹ አስወጡኝ፤ ይህን የነገሩኝ በኋላ ነው። ቅር አላለኝም፤ እኔም ብሆን ጋዜጠኛ አስወጣ ነበር። መሣሪያዋ አንዴ ከዋጠችው ሚስጥሩን ለማንም አታሳይም፤ ለባለቤቷም ቢሆን። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ በተከታታይ የማትቀበለውን ነገር ከጻፈባት ደግሞ ሌባ እጅ ገብቻለሁ ብላ ሚስጥሩን ከሆዷ ታጠፋዋለች።

በዚያ ሥልጠና ላይ አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከሠልጣኞቹ አንዱ ተነስቶ፣ «በፈረንጅ ቀን አንጽፍም፤ መዝገባችን ሁሉ በእኛ ቀን ነው» አለ።

መሐንዲሱ በአስተርጓሚው በኩል፣ «ለመሣሪያዋ ቀን ማለት ቁጥር ነው። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ከጻፋችሁ ግድ የላትም። የእናንተ ዓመት ስንት ወር ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ከኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ሰዎች ባንድ አፍ፣ «አሥራ ሁለት!» አሉ።

የሳቀ፣ ያረመ የለም። አዳራሹ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም ቢሮ ያበሰለን ሰዎች ነን። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የሚበላው አሥራ ሁለት ወር ነው፤ ጳጉሜ ደመወዝ የለውም። የሪፖርቱ ቅጽ አሥራ ሁለት ረድፍ ነው ያለው። ገበሬ ቢጠየቅ ኖሮ ጳጉሜን አይረሳትም ነበር፤ እኛ ግን ረሳናት። እኔም ደብተሬ ላይ «ወር፦ ከ1 እስከ 12» ብዬ ጻፍኩ። መሐንዲሱ የጽሕፈት ስህተት ለመከላከል ሲል ከአሥራ ሁለት በላይ የሆነ ወር ከተጻፈባት እንዳትቀበል አደረጋት።

በታሰረው ሰው ቦታ አንኮበር የተሾመችው ሴት እዚያው ሥልጠና ላይ ነበረች። በዕድሜ እኩያዬ ናት፤ ቀድሞ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆና ብዙ ዓመት ሠርታለች። ሹመቱን ማንም አልፈለገውም ነበር። እሷን ለምን እንደተቀበለች ስጠይቃት፣ «ሰው በስልክ ሲዋሽ ብዙ ዓመት ሰምቻለሁ። ሌላ ሰው ከሚሾምበት እኔ ብሾምበት ይሻላል» አለችኝ።

ነሐሴ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው እህል በጫነ መኪና ተሳፍሬ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ጎረቤላ ገባሁ። በማግስቱ፣ ነሐሴ ሠላሳ፣ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ዋለና የስልኩ መስመር ተቆረጠ። ጳጉሜ አንድ ቀን ማለዳ ዝናቡ ቆሞ ጉሙ ከተማዋን ሸፈናት። መጋዘኑ ጋ ስደርስ ከታች፣ ከአልዩ አምባ ዙሪያ የመጡ ሰዎች አህዮቻቸውን ይዘው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ዳገቱን የወጡት በዋዜማው ነው፤ ትምህርት ቤት አድረው የያዙት ስንቅ አልቋል። ቆላ ለቆላ ነው ኑሯቸው። ሽርጥና ስስ ሸሚዝ ለብሰው የአንኮበርን ብርድ ትከሻቸውን ሰብስበው ይመክቱታል። ሴቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፍነው በጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር ተኮልኩለዋል።

የሚመሯቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዱሮ አልዩ አምባ ገበያ የጨውና የጥጥ ነጋዴ ነበሩ፤ አሁን የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ሰው ሼሁ ይላቸዋል። ደብተሬን አይተው፣ «የወሬ ሰው መጣ!» አሉ። «ወሬ የሚበላ ቢሆን ኖሮ ጠግበን ነበር።»

«የሚበላው ውስጥ አለ» አልኳቸው።

«አዎ፣ በሩ ጠግቧል።»

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መስመሩ ተቀጠለና በመጋዘኑ ትንሽ ቢሮ ግድግዳ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ኃላፊዋ አነሳች። እኔ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሜ ስለነበር የሰውየው ድምፅ ከጆሮዋ እየፈሰሰ ይሰማኛል።

«እኔ ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን» አለ፤ ድምፁ ሻካራ ነው። «መቶ ሃያ ኩንታል ተፈቅዷል። ግማሹን ለታችኞቹ ያድሉ፤ ግማሹን እኩለ ቀን ላይ መኪና መጥቶ ይወስደዋል።»

«ቁጥሩን ይንገሩኝ።»

«ቁጥሩ አስቸገረ። ይቺ መሣሪያ አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም አለች። የእርስዎን እስቲ ይሞክሯት።»

ኃላፊዋ መሣሪያዋን ከኮቷ የውስጥ ኪስ አወጣች፤ ሁልጊዜ እዚያ ነው የምትይዛት፣ ብርድ ባትሪውን ይገድለዋል ብለዋት። መክፈቻ ቁጥሯን አስገባች። ቀን አንድ፣ ወር አሥራ ሦስት ብላ ጻፈች። መስተዋቱ ላይ «ስህተት» የሚለው የፈረንጅ ቃል ወጣ። ጣቴ ይሆናል ብላ ደገመች። ያው ቃል ወጣ፤ በስተመጨረሻው ደግሞ አንድ ቁጥር አብሮ ወጣ፦ 1። አንድ ዕድል ብቻ ቀራት ማለት ነው። ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች።

«አንዴ ብቻ ቀረኝ» አለች።

ሰውየው ቀጠለ፤ «እንግዲያው በትናንቱ ቀን አውጥቼዋለሁ። ነሐሴ ሠላሳ ብለው ይጻፉ። ቁጥሩ አራት...»

«ይቆዩ» ብላ አቋረጠችው። «ትናንት መስመር አልነበረም።»

«ለዚህ አይደል ዛሬ የደወልኩት?»

«ድምፅዎ ተለውጧል።»

«ጉንፋን ነው፣ እትዬ! ክረምት መሆኑን ረሱት እንዴ?»

«እግዜር ይማርዎ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ውጭ ልጅ ያለቅሳል። በሥራዬ ሁልጊዜ ከነገር የመራቅ ልማድ ነበረኝ፤ ዘጋቢ በሚዘግበው ነገር እጁን አያስገባም። ያን ቀን ግን አስገባሁ። ትክክል የመሰለኝን ነገርኳት፤ ቁጥሩን ያለ መሣሪያዋ ማንም ሊፈጥረው እንደማይችል፣ የደወለው ማንም ይሁን ማን ቁጥሩ ከገጠመ ከደብረ ብርሃኗ መሣሪያ መውጣቱ የተረጋገጠ መሆኑን አስረዳኋት። «ሰውየውን ማመን የለብሽም፤ ቁጥሩን ነው የምታምኚው» አልኩ።

«ቁጥሩን መፍጠር አይችልም» አለች። «ማስቀመጥ ግን ይችላል።»

«ማስቀመጥ ማለት?»

«ትናንት ጠዋት ሹሙ ለሌላ ጉዳይ መቶ ሃያ ኩንታል ብሎ ቁጥር አወጣ እንበል። መስመር አጣ። ቁጥሩን ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተወው። ወይ ለኦፕሬተሯ ‹መስመሩ ሲመጣ ንገሪልኝ› ብሎ ሰጣት። ወረቀቱን ያየ ሁሉ ዛሬ ጉንፋን ይዞት ሊደውል ይችላል። ግማሹ ለእነዚህ፣ ግማሹ ለመኪና! እኔ ስልክ ቤት የሠራሁት በከንቱ አይደለም። መስመር ላይ ጆሮ ይበዛል። የትናንት ቁጥር ዛሬ እንዳይሠራ አይደል ቀኑ የሚጻፈው?»

እውነቷን ነው። ቢሆንም ቀጠልኩ፤ «እንግዲያው ለሰዎቹ የሚሆነውን ስጪና የመኪናውን አቆዪው።»

«ቁጥሩ የመቶ ሃያ ነው። ግማሽ ቁጥር የለም።»

«እኔ እመሰክርልሻለሁ። ሁሉን አይቻለሁ፤ ጽፌያለሁ።»

ተመለከተችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። «ምስክርነትህን ወህኒ ቤት ድረስ ከስንቄ ጋር ታመጣልኛለህ?»

ደብረ ብርሃን ሄጄ ሹሙን በአካል ላግኝ ብዬ አሰብኩ። መንገዱ በጭቃ ተበላሽቷል፤ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ቀን ይፈጃል። ይህንንም ነገርኳት። አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። በአንዲቷ የቀረች ዕድል ብትሳሳትና ሚስጥሩ ቢጠፋ ደግሞ ሁለቱ መሣሪያዎች ደብረ ብርሃን ተገናኝተው ዕጣው እንደገና መውጣት አለበት፤ መሐንዲሱ ወደ አገሩ ሄዷል፣ የሚመለሰው መስከረም ካለቀ በኋላ ነው። እስከዚያ በሩ ተዘግቶ ይቀራል። ነገሩ ይህ ነበር፤ ብትከፍት እንደ ቀደመው ሰው ልትታሰር ትችላለች፣ ባትከፍት ውጭ ያሉት ሰዎች ባዶ አህያ ይዘው ዳገቱን ይወርዳሉ።

ሼሁ ገቡ፤ በሩ ክፍት ስለነበር ከፊሉን ሰምተዋል።

«ልጄ፣ ስልኩ ተናግሮ ዝም አለ። ምን አለ?»

እሷም ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ መሣሪያዋ ጳጉሜን አላውቅም እንዳለች፣ ሰውየው የትናንት ቁጥር እንደያዘ፣ ለምን እንዳልተቀበለችው።

«ሱብሃነላህ! ጳጉሜን አታውቅም?» አሉ ሼሁ። «ታዲያ በነዚህ አምስት ቀናት እኛ የለንም ማለት ነው? ወላሂ፣ ሆዴ ግን እንዳለሁ ይነግረኛል።»

ውጭ ቆመው ያዳምጡ ከነበሩት አንዱ፣ «ሼሁ፣ ለሆድዎ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ይበሉት፣ ዝም ይላል!» ሲል ሳቅ ተሰማ። ኃላፊዋም ሳትፈልግ ሳቀች።

ሼሁ ግን አልሳቁም፤ በተቆለፈው የመጋዘን በር ላይ እንዳፈጠጡ ነበር። «እኛ ታች አደራ እንቀበላለን» አሉ። «ሩቅ አገር የሚሄድ ነጋዴ ጨውን፣ ጥጡን እኔ ዘንድ ያስቀምጣል። ከወር በኋላ በማላውቀው ሰው ይልክብኛል። መልእክተኛው ምልክት ይዞ ይመጣል።»

«ምልክቱ ምንድን ነው?» አልኩ፤ ደብተሬን ከፍቼ።

«ነገር ነዋ። ባለ ዕቃውና እኔ ብቻ የምናውቀው ነገር። ግን መልእክተኛው ይዞት የመጣውን ምልክት ብቻ ሰምቶ ዕቃ የሚሰጥ ነጋዴ ሞኝ ነው። መንገድ ላይ፣ ማደሪያ ቤት ሰምቶት ቢሆንስ? ዕቃው እኔ ዘንድ ከሆነ ጠያቂው እኔ ነኝ። ‹ሦስተኛው ጆንያ የታሰረበት ገመድ የምንድን ነው?› እለዋለሁ። አላውቅም ካለ ይሂድ፣ ባለቤቱን ጠይቆ ይምጣ። ባለቤቱ አይጠፋውም። አንቺ ግን...» ጣታቸውን ወደ ስልኩ ቀሰሩ፤ «ዕቃው አንቺ ዘንድ ሆኖ ሰው እስኪነግርሽ ትጠብቂያለሽ። ይሄ የማን ንግድ ነው?»

ተቆጥተው ነው የተናገሩት። እሷ ግን አልተቆጣችም። መሣሪያዋን አገላበጠች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«ቀኑን እኔ ብመርጠውስ?» አለች።

አልገባኝም። ቁጭ ብላ በእርሳስ እያሳየች አስረዳችኝ። ለመሣሪያዋ ቀን ቁጥር ነው፤ መሐንዲሱ ራሱ ብሎታል። የዛሬው ቀን መሆን የለበትም። ደዋዩ የመረጠው ቀን ከሆነ ግን ቁጥሩን አስቀድሞ ከየትም አግኝቶት ሊሆን ይችላል። እሷ አሁን፣ እዚህ፣ ከጭንቅላቷ ቀን አውጥታ ብትጠይቀው ግን አስቀድሞ ማንም ሊያውቀው አይችልም። መልሱን ሊያመጣ የሚችለው መሣሪያዋን በእጁ የያዘ፣ መክፈቻውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ድምፁ ጉንፋን ይኑረው አይኑረው ግድ የላትም።

ቀዳዳ ፈለግሁ። ሥራዬ ነው። አላገኘሁም።

«ከአንድ እስከ ሠላሳ ቁጥር ይስጡኝ» አለች ሼሁን።

«ሃያ ሦስት።»

«አንተ፣ ወር።»

«የካቲት» አልኩ።

ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፈችና በእጇ ሸፈነችው። አንገቴን ሳሰግግ፣ «የእናንተን አልጻፍኩም» አለች። «በየት አውቃችኋለሁ? ጨምሬበታለሁ፣ ቀንሼበታለሁ።»

ሼሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «አሁን ነጋዴ ሆንሽ።»

የስልኩን እጀታ አዙራ ደብረ ብርሃንን ጠየቀች። መስመሩ እስኪገናኝ ከቆይታው ብዛት የቢሮው መስኮት ላይ የተጣበቀውን መፈክር ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ሰውየው ሲመጣ ቀድሞ ሳለ።

«ጽፈውታል?» አለ።

«አልጻፍኩትም። የትናንቱን ቁጥር ይተዉት። አሁን ቀን እሰጥዎታለሁ፤ በዚያ ቀንና በመቶ ሃያ ኩንታል አስልተው ይንገሩኝ። ቀን ዘጠኝ፣ ወር ስምንት።»

«ሚያዝያ? ምን ማለትዎ ነው? መኪናው ከትናንት ጀምሮ መንገድ ላይ ነው! ጓድ፣ የመንግሥት ሥራ እንቆቅልሽ አይደለም።»

«እንቆቅልሽ ነው። ምን አውቅልሽ ይበሉኝ።»

ወይ ተናዶ፣ ወይ ገብቶት፣ ቁልፍ ሲነካ በስልኩ ውስጥ ተሰማ። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ሊዘገብ የሚገባው ነገር ስለመሰለኝ ነው። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ስድስት አኃዝ አነበበ። ጻፈች። እንደገና ያንብቡልኝ አለች፤ አነበበ። ሦስተኛ ጊዜ ከኋላ ወደ ፊት እንዲያነብ አደረገችው።

«ይቆዩኝ» ብላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

አሁን የቀራት አንድ ዕድል ነው። ጣቶቿ በብርድ ደንዝዘው ስለነበር ብብቷ ውስጥ ከትታ አሟሟቀቻቸው። መክፈቻ ቁጥሯን ስትጽፍ እኔና ሼሁ ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዞርን፤ ማንም አላዘዘንም። ከዚያ፣ «አሁን ዙሩና እዩልኝ» አለች። ቀን 9። በጣቴ ሳልነካ ከወረቀቱ ጋር አመሳከርኩ፤ ልክ ነው። ወር 8። ልክ። ኩንታል 120። ሼሁ በከንፈራቸው «ቢስሚላህ» አሉ። የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫነች።

መስተዋቱ ለጥቂት ጊዜ ባዶ ሆነ፤ ስታሰላ እንዲያ ናት። ከዚያ ቁጥሩ ወጣ። እኔ ከወረቀቱ፣ እሷ ከመስተዋቱ አንድ በአንድ አነበብን። ስድስቱም ገጠመ።

ስልኩን አነሳች። «ጉንፋን ነው ለካ» አለች። «ዝንጅብል ይጠጡ።»

ከወገቧ ቁልፉን ፈትታ ወጣች። ሰዎቹ አልጮኹም፤ አህዮቻቸውን እየጎተቱ ተሰለፉ። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ስም እየጠራ፣ እሷ እያየች፣ ከሰዓት በፊት ድርሻቸው ተሰጥቶ አለቀ። መኪናውም መጣ፤ የሾፌሩ ወረቀት ማኅተም ያለበት፣ የሚሄድበት ቦታም እውነተኛ ነበር። ሼሁ ጭነታቸውን ሲያጠብቁ፣ «የወሬ ሰው፣ ይህን ትጽፋለህ?» አሉኝ። እጽፋለሁ አልኳቸው። ጉሙ ተመልሶ ሳይዘጋባቸው ቁልቁለቱን ወረዱ።

በኋላ፣ ቢሮው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ ልጠይቃት የማይገባኝን ጠየቅኋት። «ቁጥሩ ባይገጥም ኖሮ?»

«አልከፍትም ነበር።»

«ሰዎቹስ?»

መዝገቧን ስትጽፍ እርሳሷ ቆመ። «ይህን ራሴን እጠይቃለሁ። አንተ አትጠይቀኝ።» ከዚያ መጻፏን ቀጠለች፤ «ጳጉሜ 1፤ የተጠየቀበት ቀን ሚያዝያ 9፤ ቁጥሩ ገጥሟል።» አንብቤ ፈረምኩበት።

ዘገባዬን በዚያው ስልክ ለአዲስ አበባ አነበብኩ። የእህሉ ክፍፍል ወጣ። የመሣሪያዋን ነገር የያዘው አንቀጽ አልወጣም፤ ጸጥታ የሚነካ ነገር ነው ተባልኩ። አልተከራከርኩም።

በቀሩት አራት የጳጉሜ ቀናት ደብረ ብርሃን በደወለ ቁጥር ቀኑን እሷ መረጠች። መስከረም ጠባ፤ መሣሪያዋ ወር አንድን ትቀበላለች። ሹሙ በዕለቱ ቀን ቁጥሩን አዘጋጅቶ ሲደውል ግን፣ «ይቆዩ፣ ቀን ልስጥዎት» አለችው። ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ለአለቃው ከሰሳት፤ በመስከረም አጋማሽ አንድ ኦዲተር ከደብረ ብርሃን ወጣ። የመጣበት መኪና ላይ እኔም ተሳፍሬ ነበር።

ኦዲተሩ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ብዙ ንግግር የማይወድ ሰው ነው። መዝገቡን ከፈተ። ጳጉሜ ላይ የወጣ እህል ከፊቱ ሚያዝያ፣ ከፊቱ ኅዳር፣ ከፊቱ ጥር ተጽፎበታል። መነጽሩን አውልቆ፣ «ይህ መዝገብ ነው ወይስ ዕብደት?» አለ።

ኃላፊዋ ብዙ አልተናገረችም። ወንበር ሰጠችው፤ ስልኩን አጠገቡ አቀረበችለት፤ መሣሪያዋን ከኮቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት።

«ቀን ይምረጡ» አለችው። «የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ይሁኑ። ለሹሙ ራስዎ ደውለው ይንገሩት።»

ሰውየው አየኝ፤ እኔ ምንም ፊት አላሳየሁትም። ቆየና ስልኩን አነሳ። የመረጠውን ቀን ለሹሙ ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ። ስድስቱን አኃዝ በራሱ እጅ ጻፈ። ከዚያ ቀኑን ለእሷ ነገራት፤ ጻፈች፤ መስተዋቱን ወደ እሱ አዞረችለት። ወረቀቱን ከመስተዋቱ ጎን አስጠግቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። እንደገና አነበበ። ሌላ ቀን መርጦ ደገመው።

ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ በመዝገቡ ግርጌ «አሠራሩ ይቀጥል» ብሎ ጻፈና ፈረመ። እሷ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቃ መዝገቡን ከደነች። ውጭ ተራ የደረሳቸው ሌሎች ሰዎች አህዮቻቸውን ይዘው ደርሰው ነበር።